የእርቁ ቀን

ስንዱ ባሏ አስናቀ ከሌላ ሴት መውለዱን ከሰማች ወዲህ እህል አልዋጥ ብሏት ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷት ነበር። ወር ሙሉ አባቷ ቤት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ከረመች። አባቷ ደግሞ በየቀኑ አጠገቧ ቁጭ እያሉ፣ «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም፤ ትዳርሽን አታፍርሺ» ብለው ይለምኗታል። በማንም አላመነችም፤ በእሳቸው ግን ታምናለችና እሺ አለች።

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አስናቀ ድንጋይ ተሸክሞ ገብቶ እግሯ ላይ ወደቀ።

«ይቅር እልሃለሁ» አለችው። «ግን ሁሉም አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ መኖር ይብቃኝ። የምጠይቅህን ሳትደብቅ ንገረኝ። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስት ሊሞላው ነው።»

«ክርስትና ተነስቷል?»

«አዎ፣ በአርባ ቀኑ።»

«ክርስትና ያነሳው ማነው?»

አስናቀ አንገቱን ደፋ።

«ተናገር እንጂ» አሉት አንደኛው ሽማግሌ። «ተደብቆ የቀረ ነገር እያለ እርቅ የለም።»

አስናቀ ቀና አለ፤ ያየው ግን እሷን አልነበረም።

አባቷ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«ሕፃኑ ምን አጠፋ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ።