በስንጥቁ ላይ የተለጠፈው መስታወት

በዚያ የገጠር ሰፈር ያሉት የድንጋይ ቤቶች በሙሉ በቅርስነት ተመዝግበዋል። ማንም አያፈርሳቸውም፤ ድንጋይም አይነቅልባቸውም። አሁን ሰው የሚኖረው በሦስቱ ብቻ ነው። በአንደኛው አንዲት አሮጊት ከባሏ ጋር ትኖራለች። ቤቱ የአባቷ ነው፤ የተወለደችውም እዚያው ነው። ባሏ ሲያገባት አንድ ሳጥን ይዞ የገባ ሰው ነው።

የጀርባው ግድግዳ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ተሰንጥቋል። የቅርስ ተቆጣጣሪው መጥቶ በስንጥቁ ላይ አንዲት ቀጭን መስታወት በጀሶ ለጠፈ።

«ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይቺ ትሰበራለች» አለ። «ሁለት ጊዜ ከተሰበረች ቤቱን ትለቃላችሁ። ከተማ አንድ ክፍል ይሰጣችኋል።»

«ይሄ ግድግዳ እኔን ቀብሮ ነው የሚወድቀው» አለች አሮጊቷ። ሳል አቋረጣት።

ሳሉ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ የድንጋዩ እርጥበት ሳንባዋን እየጎዳው እንደሆነ፣ አንድ ክረምት ከደገመች እንደማትተርፍ ነግሯቸዋል። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ልጃቸው እሑድ እሑድ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥርም ጭቅጭቅ ነው።

«እማ፣ ድንጋይ እኮ አያስታምምሽም!»

«እኔን ያሳደገኝ ድንጋይ ነው። አንተን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። እስቲ የትኛችን እንደጠነከርን እይ።»

«አባዬ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ቤቱ የእሷ ነው» ይላል አባትየው። ሁልጊዜም መልሱ ይኸው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት መስታወቷ ተሰብራ ተገኘች። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሌላ ለጠፈ። እሱ ሲሄድ እናትየው ሌባ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ከታ ለካችው። እንደ ድሮው ከመጀመሪያው አንጓ አላለፈላትም።

«ግድግዳው ንቅንቅ አላለም» አለች። «ትናንት እዚህ የዋለው ማን ነበር?»

«ተይ እንጂ፣ ልጅሽን?» አለ አባትየው።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጅየው መጣ፤ ተጨቃጨቀ፤ ሄደ። በማግሥቱ ሁለተኛዋም መስታወት ተሰበረች።

እናትየው ጣቷን እያሳየች ተሟገተች። ተቆጣጣሪው «ያየሁትን ነው የምጽፈው» ብሎ የመልቀቂያውን ወረቀት ሰጣቸው።

በሚለቁበት ቀን ልጅየው ዕቃ ሊጭንላቸው መኪናውን ይዞ መጣ። እናትየው ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ ነህ አይደል?»

ልጅየው አባቱን አየ። ከዚያም አንገቱን ደፋ።

«ከአባቴ ቤት አስወጣኸኝ። ከዛሬ ወዲያ እማ እንዳትለኝ። የምኖርበትንም ደጅ እንዳትረግጥ።»

ከተማ ደረሱ። አዲሱ ክፍል ደረቅ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባዋል። ልጅየው ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ በሩ ሥር ደረደረው፤ ደፉን ግን አላለፈም። የመጨረሻውን ፍራሽ አስቀምጦ ወደ መኪናው ሲመለስ አባትየው ተከትሎት ወረደ።

«የሰበርኩት እኔ መሆኔን እያወቅህ፣ ልጄ፣ ምነው ዝም አልክ?»

«እኔን ብትጠላኝ ቤቴ ሌላ ነው፣ አባዬ። አንተ ግን አብረሃት ነው የምትኖረው።»