የሰመጠው ጠጠር

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ መብሩካ ኩባያውን ከማቀዝቀዣው አውጥታ አየችው። ድሮ ሥጋ ቤት ስትሠራ እንደለመደችው፣ በረዶ በሆነ ውሃ ላይ ጠጠር አስቀምጣ ነበር የሄደችው። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ጠጠሩ ይሰምጣል። የሰበታ መንገድ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተዘግቶ አራት ቀን ማንም ሥራ አልገባም፤ አሁን ጠጠሩ ከኩባያው ቂጥ ላይ፣ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

«ሁሉም ቀልጦ፣ መብራት ሲመጣ ተመልሶ በረዶ ሆኗል» አለችው የቤተ ሙከራውን ኃላፊ፣ ዶክተሩን። ከኩባያው አጠገብ የነበሩት ቱቦዎች ከተፈጨ ባክቴሪያ የወጣ ጭማቂ ይዘዋል። ዶክተሩ የሚያማክራት ተማሪ ለመመረቂያዋ፣ ሕያው ሕዋስ ሳያስፈልጋት፣ የሕዋስ ሽፋን ላይ የሚቀመጠውን ተቀባይ ፕሮቲን የምትሠራው በዚህ ጭማቂ ነው። አንዴ ከቀለጠ ዋጋ የለውም፤ ይህን የነገራት ራሱ ዶክተሩ ነበር።

«ጄኔሬተሩን ነዳጅ ሳልሞላ ሄድኩ ልበል እንዴ፣ እትዬ መብሩካ?» ብሎ ኩባያውን ሙቅ ውሃ ስር ያዘው። በረዶው ቀልጦ ጠጠሩ ሲንቀጫቀጭ ሳቀ። «ልጅቷ ትሥራበት። እምቢ ካላት የእጇ ጥፋት ነው ይባላል።» ሰውየው ራሱ እንደ ገማ ሥጋ ሸተታት።

ተማሪዋ ጋዋኗን እየቆለፈች ገባች። «እትዬ፣ አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ? ቱቦዎቼ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለ ዶክተሩ።

«እኔን ነው የጠየቀችው» አለች መብሩካ። ሳጥኑን ብድግ አድርጋ ቱቦዎቹን በሙሉ የሚጣል ነገር የሚነከርበት የበረኪና ባልዲ ውስጥ ገለበጠቻቸው። «ሞተዋል፣ ልጄ። ሌላ አዘጋጂ። ማን እንደገደላቸው እሱን ጠይቂው።»