የሐኪሟ እናት

ልጇ በሬዲዮ ቀርባ «ፅንስ ማስወረድን የሚከለክለው ሕግ ሴቶችን እየፈጀ ነው፤ ይለወጥ» ካለች ወዲህ እናትየዋ ሰላም አጥታለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ልጇን ሊወስዱባት የመጡ ይመስላታል።

«አንቺ ልጅ፣ ምናለ ጉንፋን ብቻ ብታክሚ?»

«ጉንፋንማ ማንን ገደለ እማዬ?» ትስቃለች ሐኪሟ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሐኪሟ ሥራ ሄዳ ሳለ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ መጥታ እናትየዋ እግር ላይ ወደቀች።

«አርግዣለሁ፤ ዶክተሯን ላማክራት።»

እናትየዋ ግራ ቀኙን ቃኘች። ይህች ልጅ እዚህ ቤት ስትገባ ከታየች ልጇ አለቀላት። ባዶ እጇን ልትመልሳት ደግሞ አንጀቷ አልቻለም።

«ከወንዙ ማዶ መድኃኒት የሚያውቁ እትዬ ዘነቡ አሉ። እኔ እንደላክሁሽ ንገሪያቸው» ብላ ሸኘቻት። ለልጇ ትንፍሽ አላለችም።

ዓርብ ዕለት ሁለት ፖሊሶች መጡ።

«ከወንዙ ማዶ አንዲት ተማሪ ደም ፈስሷት ሞታለች» አለ አንደኛው።

እናትየዋ በሩን በሰውነቷ ጋረደች። «ልጄ የለችበትም! በዓይኗም አላየቻት!»

ፖሊሱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እናውቃለን እናቴ። ልጅቷ ሳትሞት ማን እንደላካት ተናግራለች። ነጠላዎን ይልበሱ።»