አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ጋሽ ይመር መስከረም አሥር ቀን ቤታቸውን በፍርድ ተነጠቁ። ለይግባኙ ጠበቃ ያዙ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው የውሳኔውን ግልባጭ ለልጃቸው ለዘሐራ ሰጧት።

«የራሴ ጠበቃ እያለችኝ የሰው ደጅ ምን ያስጠናኛል?»

ዘሐራ ግን ገና ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነበር።

«ፈተናው ይለፍና እጽፈዋለሁ፣ አባባ» አለች። ግልባጩንም ደብተሯ ውስጥ ከትታ፣ ጥናቷን ላቆመችበት ገጽ ምልክት አደረገችው።

የፈተናው አሥራ ሁለተኛ ጥያቄ አጭር ታሪክ ነበር። አንድ ገበሬ መሬቱን በፍርድ ያጣል። ሕጉ ይግባኝ እንዲል ስልሳ ቀን ይሰጠዋል። እሱ ግን ያለ በቂ ምክንያት ዘግይቶ ይመጣል። ይግባኙ ይታይለታል ወይ?

ዘሐራ «አይታይለትም፤ ጊዜው አልፎበታል» ብላ ሳታመነታ ጻፈች። ወደ አሥራ ሦስተኛው ልታልፍ ስትል እጇ ቀጥ አለ። ቀኑ ኅዳር ሃያ ነበር። ከመስከረም አሥር ጀምራ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ሰባ ቀን።

ጋሽ ይመር ሁለት ሉክ ወረቀት ገዝተው ከፈተናው አዳራሽ በር ላይ ይጠብቋት ነበር።

«ከበደሽ ወይ፣ ልጄ?»

«ቀላል ነበር፣ አባባ።»

«ተመስገን» አሉና ወረቀቱን ዘረጉላት። «በይ እንግዲህ፣ የኔን ጻፊልኝ።»