የወሩ ድምፅ

በየቤቱ ግድግዳ የድምፅ ቆጣሪ ከተተከለ ወዲህ ትብለጥ የድስቱን ክዳን ዙሪያውን ጨርቅ ሰፍታበታለች፤ ባሏ ውብሸት አፍንጫውን ትራስ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚያስነጥሰው። የወር ኮታውን የጨረሰ ቤተሰብ ወሩ እስኪያልቅ ትንፍሽ ካለ ይታሰራል።

ዛሬ፣ ወሩ በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ትብለጥ ሳሎን ውስጥ የአባቷን አሮጌ ሞተር ሳይክል ስትጠግን ዋለች። ካንዴላውን ሦስቴ አጽድታ እሳት አልሰጥ ያላት፣ ለካ አይጥ ሽቦውን ቀርጥፋው ኖሯል። ሽቦውን በጥርሷ ልጣ ቀጠለችው።

«ይኼ ከተነሣ የወሩን ኮታ ባንዴ ይበላዋል» አለ ውብሸት በሹክሹክታ። «ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ሳናወራ ልንቀመጥ ነው?»

«እስከ ዛሬስ መቼ አወራን?»

ፔዳሉን ረገጠችው። ሞተሩ አገሳ፤ ቆጣሪው ዜሮ ገባ። ትብለጥ አላጠፋችውም፤ ነዳጅ ሰጠችው።

ጭሱ የውብሸትን አፍንጫ ኮረኮረው። ትራሱን አየት አድርጎ ተወውና እንደ ልቡ አስነጠሰ።