እማማ ጄኔራልና የሚጣፍጠው ገንፎ

እማማ ጄኔራል ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ትኬት ያልቆረጠ ሰው ከአተነፋፈሱ ይለዩ ነበር። አንዴማ ገና ላለመቁረጥ እያሰበ የነበረ ሰውዬ ከባቡር አስወርደዋል። ስሙን ያወጡላቸው እንዲህ የተዋረዱ ተሳፋሪዎች ናቸው።

አሁን ግዛታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ስኳር በሽታው ግራ እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል አውጥቷል፤ ደረጃ መውረድ የማይታሰብ ነው። ሐኪሙም ፊት ለፊት ነግሯቸዋል፦ በአንድ ወር ውስጥ ስኳሩ ካልወረደ እግሩ ይቆረጣል።

በሩ ከውጭ ይቆለፋል። የምትቆልፈው ምራታቸው ናት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። የምትቆልፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እማማ ጄኔራል በመስኮት ቅርጫት በገመድ አውርደው ከታችኛው ሱቅ ብስኩት ሲያስመጡ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል። ከዚያ ወዲህ ገመዱም ቅርጫቱም ተወረሰ፤ ከቤቱ የስኳር ዘር ጠፋ።

ልጃቸው የሚሠራው ሻጋታ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሻጋታው ትሪ ላይ ያድጋል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ዱቄቱን የእህልን ስታርች በእሱ እየሰበሩ ወደ ስኳር የሚለውጡ የሽሮፕ ፋብሪካዎች ይሻሙበታል። ልጅየው ነጩን ዱቄት ቀዝቃዛው መጋዘን ውስጥ ያሽጋል። እናቱ ግን ሻጋታ ከሚያሽግ ልጅ ይልቅ የመታጠቢያ ቤታቸውን ሻጋታ የሚፍቅ ልጅ ቢኖራቸው ይመርጡ ነበር፤ ይህንንም ለእንግዳ ሁሉ ይናገራሉ።

ምሳቸው የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ የአጃ ገንፎ በውኃና በጨው። ምራትየው ጠዋት ታበስልና እስከ ቀትር እንዳይቀዘቅዝ ድስቱን ጠቅልላ አልጋቸው አጠገብ ታስቀምጣለች። የድስቱ ክዳን እማማ ጄኔራል በንዴት ከወረወሩት ወዲህ የለም። መጀመሪያ በብርድ ልብስ ነበር የምትጠቀልለው።

«ብርድ ልብስሽ ከአንቺም ይብሳል፤ ይቀዘቅዛል» አሏት። «የልጄን ካፖርት አምጪ።»

ልጅየው ዱቄት ሲያሽግ እያፈራረቀ ከሚለብሳቸው ሁለቱ አንዱ፣ ጥጥ የተሞላ ወፍራም የመጋዘን ካፖርት ነው፤ ውኃ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ምራትየው ለሰላም ስትል አመጣችው።

ያን ሰሞን ነው ገንፎው መጣፈጥ የጀመረው። ቀድሞ ግድግዳ ቢለስኑበት መቶ ዓመት ይቆማል እያሉ የሚያሙት ገንፎ ቀጠነ፣ ለሰለሰ፣ ጉሮሮ ላይ ተንሸራተተ። እማማ ጄኔራል ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳይናገሩ ድስቱን ላሱ። በአራተኛው ቀን የስኳር መለኪያዋ መሣሪያ አንደበታቸውን ፈታችው። ቁጥሩ ጣሪያ ነክቷል።

«እማማ፣ ከየት ነው የሚያመጡት?» አለች ምራትየው ጣታቸውን እንደያዘች።

«ከእጅሽ» አሉ።

ሠላሳ ዓመት የሠለጠነ ዓይን ሥራውን ጀመረ። ባለፈው ወር ክፍላቸውን በሜትር ስትለካ አይተዋታል፤ መጋረጃ ልሰፋልዎ ነው ብላለች። የልብስ ስፌት መኪናዋን ቤት ውስጥ የምታስቀምጥበት ቦታ እንደሌላት ደግሞ ያውቃሉ። በዚያ ላይ ድስቱን ጠቅልላ ቀና ስትል የጥቁር ሹራቧ እጅጌ ላይ ነጭ ዱቄት ታያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የስፌት ጠመኔ ነዋ፣ እማማ» አለችና አራገፈችው።

ጠመኔ። እንዲህ ዓይነት መልስ ከስንት ሺህ ተሳፋሪ ሰምተዋል።

ከዚያ በኋላ ከመውጣቷ በፊት ፊታቸው እንድትቀምስ አስገደዷት። ሳታመነታ ቀመሰች፤ እሳቸውም ቀመሱ፤ እንደ ካርቶን ነበር። እንግዲህ የምትጨምረው ስትጠቀልል ነው ማለት ነው። ዓይናቸውን ከአሥሩ ጣቶቿ ሳይነቅሉ ቢጠባበቁም ምንም አልያዙም። ሆኖም ቀትር ላይ ገንፎው ማር ነበር። ላለመብላት ሞከሩ፤ መድኃኒቱ ባዶ ሆዳቸውን እንደ ምጣድ አቃጠለው። በሩ ተቆልፏል፣ ደረጃው ሩቅ ነው፣ ከዚያ ድስት ሌላ የሚበላ የለም። እያለቀሱ በሉት።

ለሐኪሙ ቀጠሮ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ልጃቸው የአንድ ቀን እረፍት ወጣ። ምራትየው እንደ ሁልጊዜው አበሰለች፣ ቀመሰች፣ ጠቀለለች፣ ወደ ስፌት ሥራዋ ሄደች። ቀትር ላይ እናትየው ልጃቸውን ጠርተው ማንኪያ አስያዙት። አንድ ጊዜ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። ፊቱ አመድ መሰለ።

አመሻሽ ላይ ሚስቱ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጠየቃት። አንዲት ፍሬ ስኳር አልጨመርኩም አለች።

«ታዲያ ማን ጨመረ? ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ ሁለት ዓመት ያንን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

እማማ ጄኔራል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምራትየው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የስፌት መኪናዋን ተሸከመች፣ ወረደች። ኮቴዋ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ተሰማ።

በማግስቱ ገንፎውን ያበሰለው ልጃቸው ነው፤ አጃ፣ ውኃ፣ ጨው። አቀመሳቸው፤ እንደ ካርቶን ነበር። ሁለቱም እፎይ አሉ። ድስቱን በካፖርቱ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለ፣ እጅጌው ላይ ከካፖርቱ የቀረውን ነጭ ዱቄት አራገፈ፣ ግንባራቸውን ስሞ ወደ ሥራው ሄደ። በሩን አልቆለፈውም።

ቀትር ላይ እማማ ጄኔራል ካፖርቱን ገልጠው፣ ልጃቸውን እየመረቁ ማንኪያውን አነሡ።

ገንፎው ከመቼውም ይበልጥ ጣፍጧል።