ጭጋጉ ስም ሲጠራ

«ጭጋጉ ጀልባችሁን ዋጣት። የመቅዘፊያችሁ ጫፍ እንኳ አይታያችሁም» አለች ዳልሲ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው በስም ይጣራል። ጋሼ አምብሮዝ፣ የተጠራው የእርስዎ ስም ነው።»

አምብሮዝ ፊቱ የተቀመጡትን ቁጥር የተጻፈባቸውን የመጫወቻ ዳይሶች አላነሳም። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አርባውን ባሕር ላይ የጨረሰ ዓሣ አጥማጅ። ጠረጴዛ ከብቦ የምናብ ጨዋታ ሲጫወት ይህ የመጀመሪያው ነው። የወንድሙ ልጅ ግሬታ ናት «እሑድ ከሰዓት ከመስኮት ጋር ከምትፋጠጥ» ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጎትታ ያመጣችው።

ተረቱን ዳልሲ አልፈጠረችውም። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ በዚህ የኒውፋውንድላንድ ደሴት ባሕር ዳርቻ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀመችውን ሁሉ ወደ ጨዋታ ትለውጣለች። ይህን የነገሯት የአምብሮዝ እናት ነበሩ፣ ሊሞቱ ሰሞን። ባሕር የበላቸው ሰዎች በጭጋግ ቀን የሕያዋንን ስም ይጠራሉ፤ አቤት ያለ አይመለስም። ዳልሲ የጨመረችው ዳይሱን ብቻ ነው። ከአሥር በታች የወጣለት አፉ ያመልጠውና ይመልሳል። በረቂቋ ኮርታ ነበር የሰነበተችው።

«ወርውር እንጂ አጎቴ!» አለች ግሬታ እየሳቀች። «ዳይስ እኮ እንደ ሸርጣን አይነክስም።»

«መወርወር አያስፈልገኝም። አቤት እላለሁ።»

«እንዴ! አቤት ያለማ ይሞታል። የአያቴን ተረት እኔ ላስተምርህ?»

«አውቀዋለሁ።» የሻይ ኩባያውን ገፋ አደረገው። «ስለማውቀው አይደል ያን ቀን ዝም ያልኩት።»

«የቱን ቀን ጋሼ?» አለች ዳልሲ።

«ሊያንደር የጠፋ ቀን።»

ሊያንደር ወንድሙ ነው፤ የግሬታ አባት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም በየጀልባቸው ለኮድ ዓሣ ወጥተው አምብሮዝ ብቻ ተመለሰ። ግሬታ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ጠራኝ» አለ አምብሮዝ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ሩቅ አልነበረም። እኔ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ እናቴ በልጅነቴ ያለችኝ ትዝ አለኝና 'በቃ፣ ሞቷል' አልኩ። አፌን በጓንቴ ይዤ ድምፁ እስኪጠፋ ቁጭ አልኩ። በአራተኛው ቀን ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች። ቀበቶው ከጀልባዋ ሆድ ጋር ታስሮ ነበር፤ ባዶውን። የሞተ ሰው ራሱን ከጀልባ ጋር አያስርም፤ ሲጠራኝ በሕይወት ነበር።»

የግሬታ ሳቅ ከፊቷ ጠፋ።

«ለእናቴ ምንም አልሰማሁም አልካት።»

«አዎ።»

«በየዓመቱ በባሕር የጠፉት መታሰቢያ ላይ ስሙ ሲነበብ አጠገቤ ትቆማለህ። እጄን ትይዛለህ።»

«አዎ ልጄ።»

ግሬታ ብድግ ብላ ኮቷን ከመስቀያው አወረደች። አንድ እጅጌዋን አስገብታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው። ዳልሲ ወረቀቶቿን ለመሰብሰብ እጇን ዘረጋች። ሰው የተቀበረበትን መሬት ሳታውቅ ስትቆፍር የቆየች መሰላት።

«ጋሼ፣ ይቅርብን። እዚህ ላይ እናቁመው።»

«አይሆንም። ተጠርተዋል አላልሽኝም? ገና አልመለስኩም።»

አምብሮዝ ተነሣ። ደረቱን ነፋ፣ እጆቹን አፉ ላይ እንደ መለከት አደረገ።

«አቤት! ሊያንደር! አለሁ! ወዲህ ነኝ!»

አዳራሹ አስተጋባ። በባዶዎቹ ወንበሮች መሐል አልፎ ግድግዳው ድረስ የሄደ የባሕር ላይ ድምፅ ነበር። ዳልሲ ወረቀቷን አየች፤ «ጀልባዋ ትገለበጣለች» ይላል። ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከዚህ በኋላ የተጻፈላት ነገር የለም።

«መለሰልዎት» አለች። «በግራ በኩል ነው። ይቀዝፋሉ… ደረሱ። የተገለበጠች ጀልባ አለች። አንድ እጅ ከውሃው ወጥቶ የጀልባዎን ጠርዝ ያዘ።»

«ቀዝቅዟል?»

«በጣም። ግን አጥብቆ ይዟል።»

አምብሮዝ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ከባድ ነው» አለ። «ልብሱ ውሃ ጠጥቷል። ብቻዬን አላወጣውም።»



ግሬታ ከመስኮቱ ዞረች። ፊቷ ረጥቧል፤ ቁጣዋ ግን ገና አልለቀቃትም። ኮቷ በአንድ ትከሻዋ እንደተንጠለጠለ መጣችና ወንበሯን በእግሯ ወደ አጎቷ ሳበች።

«ጠጋ በል» አለችው፤ እጆቿንም ከእጆቹ አጠገብ ዘረጋች። «አንደኛውን ክንዱን እኔ ይዣለሁ።»